ዓርብ የሚቀምስ ምላስ

ጅማ፣ ሐምሌ አጋማሽ

ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ሌሊት ሌሊት ጣሪያውን ሲደበድብ ያድርና ጠዋት ላይ ትንሽ ይተወናል። አዌቱ ሞልቶ ደፍርሷል። እናትሽ አራስ ጥየቃ አጋሮ ሰንብታ ቅዳሜ ተመልሳለች፤ አክስትሽም ሕፃኑም ደህና ናቸው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በስልክ ከሆነ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ "ኔትወርኩ አስቸገረኝ" ተባብለን እንዘጋለን። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ኬክ ጋገርኩ። ያውም ቺዝ ኬክ፣ ያውም በአንድ ጉርሻ የምታልቀውን፣ ከላይዋ ፍራፍሬ ያለባትን፣ 48 ፍሬ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የሐጂ የልጅ ልጅ፣ ትልቋ፣ እንዳንቺው በፋርማሲ ተመረቀች። ጋዋኗን ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶ ሊነሡ ወጥተው ዝናብ አበስብሷቸው ተመለሱ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅ ዋለ። ሐጂ ለቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቱን ጠሩ፣ ከየቤቱም አንዳንድ ነገር ይምጣ ተባለ። የታች ቤቷ እትዬ ድፎ ዳቦ እኔ አለች። ሌላው ለስላሳ አለ። "ከእናንተስ ቤት?" ሲሉኝ፣ "ባለቤቴ የለችም" ብዬ ሁለት እሽግ ውሃ ይዤ ብሄድ ማንም አይቀየመኝም ነበር። አፌ ግን "ቺዝ ኬክ" አለ። ከየት እንዳመጣው እንጃ። ከቁም ሣጥኑ ላይ ባለ 24 ጉድጓዷ መጋገሪያሽ ስትመለከተኝ ስለከረመች ይሆናል።

በገና ለምን ጥለሻት እንደሄድሽ ሁለታችንም እናውቃለን። "አምስት ዓመት ያስተማርኩሽ ዱቄት እንድታቦኪ ነው?" ብዬሽ ነበር። ቺዝ ኬክ ውስጥ ዱቄት እንደሌለ እንኳ አላውቅም ነበር፤ እኔ ያወቅኩት ባለፈው ማክሰኞ ነው።

መጋገሪያዋን ሳወርዳት ውስጧ አጣጥፈሽ የተውሻት ወረቀት አለች። ክሬም ቺዝ 400 ግራም፣ ስኳር 100 ግራም፣ እንቁላል 2፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ቫኔላ፤ ለሥሩ ብስኩት 120 ግራም፣ ቅቤ 50 ግራም። ጽሑፍሽ እንደ ሐኪም ማዘዣ ነው፤ ፋርማሲው ቢያንስ እሱን አስተምሮሻል። ሚዛን ሞልቶኛል። ቡና ቀማሽ ሳለሁ ናሙና ስመዝንባት የነበረችው ሚዛን አሁንም ግራም አትስትም። የቸገረኝ ክሬም ቺዙ ነበር። ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ያየኋቸው ሱቆች ውስጥ የለም፤ አንዱ ባለሱቅ የሚቀባውን ባለ ሦስት ማዕዘን አይብ አወጣልኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ "ቺዝ ማለት አይብ አይደል እንዴ?" ብዬ ከገበያ አንድ ኪሎ ነጭ አይብ ገዛሁ።

እዚህ ላይ ሳቂ።

አይብ ከጎመን ጋር ሲሆን ጌታ ነው። ግን የሚወጣው ቅቤው ተንጦ ካለቀ በኋላ ከቀረው አሬራ ነው፤ ስቡ ቀድሞ ሄዷል። በዚያ ላይ እሳት ያየ ነገር ነው፤ እሳቱ ፍርፍር አድርጎታል፣ ጁስ መፍጫ ውስጥ ብትከቺው መልሶ አሸዋ ነው። አንቺ የጻፍሽው ክሬም ቺዝ ደግሞ ከ100 ግራሙ 33 ያህሉ ስብ ነው። ልዩነቱን ያወቅኩት ከጋገርኩ በኋላ ነው እንጂ በፊትማ በልበ ሙሉነት ስመታው ነበር። እንደ ተራ ኬክ አረፋ እስኪያወጣ መታሁት። ኦቭኑ ውስጥ ሲያብጥ ሳይ ደስ አለኝ። ሳወጣው ግን ሁሉም መሃላቸው ሰርጉዶ፣ ጠርዛቸው ተሰነጣጥቆ፣ ልክ ዝናብ ያልነካው የበጋ መሬት መሰሉ። አፌ ላይ እርጥብ አሸዋ በስኳር። ለቡና ናሙና ደረጃ መስጠት ልማድ ነውና ወረቀቱ ጀርባ ላይ ዝቅ ያለውን ደረጃ፣ "ጅማ 5" ብዬ ጻፍኩ፤ ያውም አዝኜላቸው።

ስንጥቁ ግን ከነከነኝ። የቡና መቁያዋን ቴርሞሜትር አውጥቼ ኦቭኑ ውስጥ ብከታት፣ ቁልፉ 160 እያለ ውስጡ ከ190 በላይ ነበር! ይቺን ኦቭን የገዛሽልን አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ አላማትም። ብቻ ቁልፏን አትመኚ፤ አሁን 130 ላይ አደርጋታለሁ፣ ያኔ 160 ትሰጠኛለች። ነገሩን ሳስበው ቺዝ ኬክ ኬክ ተብሎ ነው እንጂ ኬክ አይደለም፤ በእንቁላል የረጋ ወተት ነው። እንቁላል ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተራል፣ ሲኮማተር መሃሉን ይሰነጥቃል። መምታቱም እንደዚያው ነው፤ የገባው አየር ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይተኛል። ይህን ሁሉ አንቺ እንደምታውቂው አውቃለሁ። ለእኔ ግን በስልሳ ምናምን ዓመቴ አዲስ ነው፣ ዝም ብለሽ አንብቢ።

ለሁለተኛው ሙከራ ወደ እርጎ ሄድኩ። ከወተት ሻጯ 4 ሊትር እርጎ ወሰድኩ፣ ያልተናጠ፣ ቅቤው ያለበት። ከነጠላ ቁራጭ አጥቤ ውስጡ ገለበጥኩትና ረቡዕ ማታ ከበሩ ጉበን ላይ አንጠለጠልኩት፤ ሥሩ ድስት፣ አጠገቡ እኔ በበርጩማ። ጠብ፣ ጠብ ሲል ያድራል። ጠዋት አጓቱ ድስቱን ሞልቶ፣ ነጠላው ውስጥ 1 ኪሎ ከ300 ግራም የሚሆን ወፍራም ነገር ቀረ፤ በማንኪያ ስታነሺው የማይፈስ፣ ምላስ ላይ እህል የሌለው። በዚያ ላይ ከፈላ ወተት የሰበሰብኩትን ስልባቦት ጨመርኩ። ክሬም ቺዝሽ ያለው ስብ ከዚያ መጣ። አጓቱን አልደፋሁትም፣ የታች ቤቷ እትዬ ለድፎው ማቡኪያ ወሰደችው፤ ዳቦዋም ቅዳሜ ዕለት ከሌላው ጊዜ የላቀ ነበር። (ነጠላው የእናትሽ ነበር። ይህን ጉዳይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።)

ለሥሩ ብስኩቱን በጠርሙስ ዳምጬ በቀለጠ የገበታ ቅቤ አራስኩት። የኛን የተነጠረ ቅቤ ለመጨመር እጄ ሄዶ ነበር፣ ኮረሪማው አስፈራኝ። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ማንኪያ አድርጌ በቡና ሲኒ ቂጥ ጠቀጠቅኩት፤ ሲኒዋ ልክ ትገባለች፣ አንቺም ሞክሪያት። እርጎውን በዝግታ፣ በእንጨት ማንኪያ፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እየጨመርኩ አዋሃድኩት። ሁሉም ነገር ከፍሪጅ ወጥቶ ቤት ውስጥ ሰንብቶ ነበር፤ ወረቀትሽ ላይ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል። 15 ደቂቃ። ሐሙስ ማታ ከበረዱ በኋላ አንዷን ቀመስኩ።

ልጄ፣ ዝም አልኩ። እኛ ቡና ስንቀምስ በማንኪያ ድምፅ አሰምተን ፉት እንላለን፣ አየር ይዞ ምላስን ሁሉ እንዲያዳርስ፤ ሳላስበው ኬኩን እንደዚያው ልስበው ሞከርኩ፣ ብስኩቱ ጉሮሮዬን ሊዘጋኝ ነበር። መጀመሪያ ስብ ይመጣል፣ ከዚያ ቀጭን ጎምዛዛ፣ ከዚያ ስኳሩ ዘግይቶ። አሲዱ ንጹሕ ነው። ለቡና ቢሆን ጥሩ ነጥብ እሰጥ ነበር። ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ!

ሐሙስ ገበያ ስለሆነ አናናስ ገዝቼ ነበር፣ ሽታው ከበር የሚቀበል። በትንንሹ ከትፌ በ23ቱ ኬኮች ላይ ደለደልኩት። ሌሊቱን ፍሪጅ ይደሩ፣ ጠዋት አይቼ ለቅዳሜ እወስናለሁ አልኩ። ጠዋት ስከፍት ከአናናሱ ሥር ውሃ አቁረዋል፤ ከላይ የነበረው ልስላሴ ሟሙቶ እርጎ ሆኗል። ልቅመስ ብዬ ማንኪያዬን አነሣሁ፣ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ዓርብ ነው።

የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ተፈትቷል ብለን ዘና ብለን፣ ረቡዕና ዓርብ ግን የትም አልሄዱም። ቅዳሜ እንዲቀርብ ዓርብ መጋገር አለበት፤ ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ካልቀዘቀዘ አይጠናም። ዕድሜዬን ሙሉ በምላሴ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ ምላሴ በተፈለገችበት ቀን ታሰረች። አልዋሽሽም፣ "ቀምሼ ብተፋውስ?" የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል፤ እኛ ቡናውንም የምንተፋው አይደል? ግን ለራስ የሚሰጥ ፈቃድ መጨረሻው አይታወቅም ብዬ ተውኩት።

አጥር ለአጥር ተጣራሁ። የሐጂ ትንሹ የልጅ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ፣ መጣ። ምላስ ተከራየሁ ማለት ነው። እንደ ሙያችን ወግ መጀመሪያ በውሃ አጉመጠመጥኩት፣ ማንኪያዬን ሰጠሁት፣ "ወዲያው አትዋጥ፣ ምላስህ ላይ አቆየው" አልኩት። ቁና ቁና ተነፈሰ፣ ቀመሰ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ በመስኮት ተፋ። "መራራ ነው" አለ። መራራ! ጎምዛዛ ቢል ይገባኛል። አናናስና ስኳር፣ ከየት የመጣ መራራ ነው?

እህቱን ጠራሁ፣ ተመራቂዋን። አይታ ሳቀች። "አባባ፣ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌን የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ፕሮቲን ይቆራርጣል" አለችኝ። የወተቱን ፕሮቲን ሌሊቱን ሲበላው አድሯል፤ ከፍርፋሪው ነው መራራው የሚመጣው። ፓፓያም የራሱ አለው፣ ለዚህ ነው ጥሬ ፓፓያ ሥጋ የሚያለሰልሰው። መድኃኒቱ ምንድነው ስላት፣ እሳት አለች፤ ከፈላ ኢንዛይሙ ይሞታል። እንዳንቺው የተማረች ልጅ እዚሁ አጥሬ ጥግ ቆማ፣ ያንቺን ትምህርት ኬክ ላይ ስታውለው አየሁ። በገና ያልኩሽ ነገር ያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ መጣ። ምንም አላልኳትም፤ ቢላዬን ፈለግኩ።

ጄላቲንም ጽፈሽ ነበር፣ ለፍሬው ማርጊያ። እሱን ትቼዋለሁ። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ፤ እሽጉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ሐጂ ቤት ይዤ አልገባም። አንቺም እዚያ ለሰው ስታቀርቢ ጠይቂ፣ ሰው ከበላ በኋላ መናገር ነውር ነው። በምትኩ የበቆሎ ስታርች ተጠቀምኩ። ለአንድ ኩባያ ፍሬ አንድ ማንኪያ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ፣ ፍሬው ሲንተከተክ ትጨምሪና ደመናው ጠርቶ እስኪያንጸባርቅ ትጠብቂያለሽ።

አናናሱን መጀመሪያ በደረቅ ብረት ምጣድ፣ ቀስ እያልኩ፣ እንደ ቡና አመስኩት። ውሃው ይሄዳል፣ ከዚያ ዳር ዳሩ ወርቅ ይይዛል፣ ሽታው ወደ ካራሜል ይዞራል፤ እዚያ ላይ ነው ስኳሩና ስታርቹ የሚገባው። ለሌሎቹ 24 ፓሽን ፍሩት አደረግኩ፣ ፍሬውን ከነዘሩ ከስኳር ጋር አንተክትኬ። እትዬ "አቮካዶስ? ጅማ ሆነን አቮካዶ ልንተው?" ብላ ነበር። አቮካዶ እሳት ሲያይ ይመርራል፣ ለሌላ ጊዜ አልኳት።

ዓርብ በስምንት ሰዓት የመጀመሪያውን 24 ጋገርኩ፤ በሰላም ወጣ። ሁለተኛውን አስገብቼ ስምንት ደቂቃ እንደሞላ መብራት ሄደ።

ምን እንደተሰማኝ አልገልጽልሽም። በሩን ልከፍት እጀታውን ይዤ ነበር። ከዚያ በገና እዚህ ቤት ስትጋግሪ ኦቭኑን ልከፍት ስል እጄን የመታሽኝ ትዝ አለኝ። "አባዬ አትክፈተው፣ ሙቀቱ ራሱ ይጨርሰዋል" ብለሽ። ተቀመጥኩ። ብርድ ልብስ ላለብሳት ሁሉ አስቤ ነበር፣ እሳት ፈራሁ እንጂ። አንድ ሰዓት ገደማ ጠብቄ ስከፍት፣ ጠርዛቸው ይዟል፣ መሃላቸው ሲነኩት እንደ ረጋ እርጎ ርግብ ይላል። ስንጥቅ የለ፣ ስርጉድ የለ። ከሁሉም ያማሩት እነዚያ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሜ በጋገርኳቸውም በአሥረኛው ደቂቃ ራሴ አጥፍቼ በሩን እንደተዘጋ እተዋለሁ፤ መብራቱ የሠራልኝን አሁን በእጄ እሠራዋለሁ።

ማታ ፍሬውን ደለደልኩ፣ ምላሴ ተጠራ። አጉመጠመጠ፣ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እስትንፋሴን ይዣለሁ። "ሚኣዋ!" አለ። በኦሮምኛ ሲያወጣው አመንኩት፤ ልጅ ሲጣፍጠው የሚመጣለት የቤቱ ቋንቋ ነው። ቢሆንም አንድን ቡና ከአንድ ሲኒ አንፈርድም፣ ከፓሽኑም ሰጠሁት። "እሱም ሚኣዋ። ሌላ ልቅመስ?" አለኝ። ሦስተኛውን ከለከልኩት፤ ለነገው እንዳይጎድል ቁጥሩን ይዤዋለሁ።

ቅዳሜ በሰፌድ ላይ ኮባ አንጥፌ፣ ደርድሬ፣ በአንድ እጅ ጃንጥላ በሌላው ሰፌድ፣ ጭቃውን እየዘለልኩ ገባሁ። ቤቱ ሞልቷል። የተመራቂዋ ቅድመ አያት ጠጋ ብለው አዩና "ምንድነው?" አሉ። "የእርጎ ነው እማማ፣ አይብ መሳይ፣ በስኳር።" "አይብ በስኳር?" ብለው ሰውዬው ደህና ነው ወይ በሚል ዓይን ወደ ሐጂ ዞሩ። ግን ትንሽ ናት። ትልቅ ቁራጭ ቢሆን "በቃኝ፣ አልችልም" የሚል ሰው፣ ይቺን እምቢ ለማለት ያፍራል። አንዷን ወሰዱ። ቀጥሎ ሁለተኛዋን በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም፣ ሰፌዱን ብቻ ነበር የማየው። አቦል ሳይቀርብ ከግማሽ በላይ ሄደ። ቶና ሲቀዳ ኮባው ብቻ ቀረ።

የራሴን ፍርድ ልንገርሽ፣ ሰዉ ሁለቱንም ቢያመሰግንም። ፓሽኑ ለብቻው ይጣፍጣል፣ ከቡና ጋር ግን ይጣላል፤ ሁለቱም አሲድ ይዘው ይመጡና አንዱ ሌላውን ይጮኽበታል። የታመሰው አናናስ ከጅማ ቡና ጋር አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ። ቡና ለሚጠጣ እንግዳ አናናሱን አቅርቢ፣ ፓሽኑን ለሻይ።

እናትሽ ከአጋሮ የደረሰችው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ሰው በር ላይ እየጠበቀ "ባልሽ ምን አበላን መሰለሽ" ይላታል፣ እሷ ታሾፉብኛላችሁ እያለች ገባች። ወጥ ቤቱን አየች፣ ጉበኑ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አየች። "የቀደድከው የትኛውን ነጠላ ነው?" ነበር የመጀመሪያ ቃሏ። የጥምቀቱን ነው። ስለዚህ ስትመጪ አንድ ነጠላ ይዘሽ እንድትመጪልኝ፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ የላክሽው ግን አንቺ ትሆኛለሽ።

አሁን ወደ ዋናው። በገና ያንን ነገር ከመናገሬ በፊት ከቆርቆሮዋ አንዷን አውጥተሽ በሳህን ሰጥተሽኝ ነበር። "ጣፋጭ አልወድም" ብዬ ገፋሁት። የማያውቀውን ገበሬ ቡና ሳይቀር ለፍርድ ሲቀምስ የኖረ ሰው የልጁን እጅ ሳይቀምስ ፈረደ። ቆጥሬያለሁ፤ ለዚያ ቅዳሜ ብዬ ሦስት ጊዜ ጋገርኩ፣ አንዱ ለዶሮ ሄደ፣ አንዱ በአናናስ ተበላ፣ አንዱን መብራት አዳነልኝ። አንቺ ይህን በየቀኑ፣ ለሚከፍል ሰው፣ ሳትሳሳቺ እንደምትሠሪው አላውቅም ነበር። ያልኩሽን አንሥቻለሁ።

መጋገሪያሽን ግን አልመልስም። ሐጂ ለሚቀጥለው ወር እንግዳ አለባቸው፣ 24 ታዝዣለሁ፣ ምላሴም ከወዲሁ በአጥር እየተንጠላጠለ "መቼ ነው?" ይለኛል። የወረቀት ሲኒዎቹን በአውቶቡስ ላኪልኝ፣ ትንንሾቹን፤ ካለ ወረቀት ከጉድጓዱ ሲወጡ ቂጣቸው ይቀራል።

የፍልሰታ ጾም ሳይገባ ወደ አዲስ አበባ ልመጣ አስቤያለሁ። ቀኑን አንቺ ምረጪ፣ ረቡዕና ዓርብ ብቻ አይሁን። ማንኪያዬን ይዤ እመጣለሁ።

አባትሽ